«በአማርኛ አድርገው!» — ስለ ማህሙድ አህመድ፣ ስለ ጉራጊኛ እና ስለ ጎጃም ጆሮ

ዛሬ ስለ ዘፈን ነው የምጽፈው። ፖለቲካ የጠማው ሰው ትንሽ ይታገሥ፤ መድረሻችን እዚያው ነው።

ጥር 2017 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። እንደ ጊዜው የቀን ሰርግ ነው። ከመሸ መንገድ የሚወጣ ስለሌለ ሙዚቃውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ዳሱ ሥር አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ ከጓሮ የሚንደቀደቅ ጄኔሬተር። ኪቦርዱን የሚመታውም የሚዘፍነውም አንድ ልጅ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቲሊሊ በኩል የመጣ አገው መሆኑን የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠ የሙሽራው ዘመድ ነው። «አገው ነው፤ ግን አማርኛው ጥርት ያለ ነው» አለኝ። ያቺን «ግን» ያዙልኝ።

ልጁ በጎጃም ዘፈን ጀመረ፤ ዳሱ ተነቃነቀ። ቀጥሎ ማህሙድ አህመድን አመጣ። በዚያው ወር መጀመሪያ ማህሙድ አዲስ አበባ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቅርቦ ስለነበር፣ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ከዚያ ጉራጊኛ መጣ። ጉራጊኛ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ነጠላ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ አቧራው ይነሣል፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰውዬ ጉልበቱን ይረሳል። ከመካከላችን የዘፈኑን አንድ ስንኝ ተርጉም ቢባል የሚችል ሰው ያለ አልመሰለኝም። የጠየቀም የለም።

ከዚያ ልጁ የራሱን ቋንቋ ሞከረ፤ አገውኛ። አዊዎቹ ራሳቸው አውንጊ ይሉታል።

አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እስካሁን ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለት የነበረ አንድ ጎልማሳ ወደ ማይኩ ቀረበና «አንተ ልጅ፣ ምን እያልከን እንደሆነ በምን እንወቀው? በአማርኛ አድርገው እንጂ!» አለ። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጁም ሳቀና ጣቶቹን ከኪቦርዱ ሳያነሣ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ሰርጉ ቀጠለ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ሲሄድ ልጁን አቅፎ ስሞት ነው የሄደው።

ጠቤ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከዚያ ሳቅ ጋር ነው።

መጀመሪያ ስለ ማህሙድ እናውራ። («ጋሽ ማህሙድ» ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን በእኛ አገር በጣም የሚወደድ ዘፋኝ አንቱ አይባልም።) በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በቀናት ውስጥ፣ መርካቶ አካባቢ ከጉራጌ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ አልሆነለትም፤ ሊስትሮ ሆነ። ቀጥሎ አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ የተገኘውን ሁሉ እየሠራ ተቀጠረ። ያ ክለብ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚሰባሰቡበት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ፤ ተላላኪው ልጅ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ ከክቡር ዘበኛ ጋር ዘፈነ።

ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ቲክቶክ ላይ አሳዛኝ ዋሽንት ከሥሩ ተደርጎበት፣ «ከሊስትሮነት እስከ ንግሥና» ተብሎ ስንት ጊዜ አይታችሁታል? ችግሩ ታሪኩ ሲነገር አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይዘለላል። የመርካቶው የጉራጌ ልጅ የገባበት በር በየትኛው ቋንቋ ነበር የሚከፈተው?

የዚያን ዘመን ሙዚቃ የሚያስተዳድረው መንግሥት ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሀገር ፍቅር። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽ፣ ደመወዙ ከመንግሥት ካዝና ነበር። ሸክላ ማሳተም እንኳ በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር፤ አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያንን ተዳፍሮ የራሱን አሳታሚ እስኪያቋቁም ድረስ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የዘፈኑ ቋንቋ የደሞዝ መዝገቡ ቋንቋ ነው። አልፎ አልፎ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ጉራጊኛም ይሰማ ነበር፤ ልክ በወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ቅመም። ወጡ አማርኛ ነው።

ማህሙድም በአማርኛ ዘፈነ፤ እንዴት አድርጎ እንደዘፈነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወሎ የእኔ የምትለውን ትዝታ ከመርካቶ የወጣ ሙስሊም ጉራጌ አንስቶ፣ ድምፁን እያርገበገበ፣ ከዚያ በኋላ ትዝታን የሚነካ ሁሉ ከእርሱ ጋር እንዲወዳደር አደረገ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ለካይፋ ሪከርድስ ቀረጸ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ በሩ ተዘግቶበት እዚያው ይጨፍር ነበር። (የዚህ አካባቢ አንባቢዎቼ ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ አስረዳ አይሉኝም።) ሸክላ ጠፍቶ ካሴት ሲተካ ማህሙድ በካሴት ቀጠለ፤ ፒያሳ ላይም የሙዚቃ ሱቅ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1980 እና 1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካን ዞረ፤ እዚያ ከተጓዙት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች አንዱ ነው።

አሁን የምለውን አስተውሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ የሚባል የብራስልስ አሳታሚ የማህሙድን «እሬ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ አወጣው። ቤልጅጉ ገዛው፣ ፈረንሳዩ ገዛው፣ እንግሊዙ ገዛው። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እየወጣ፣ ከማህሙድ ሥራዎች ብቻ ቁጥር 6ን፣ ቁጥር 7ን እና ቁጥር 19ን ሞላ። በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ወሰደ። ከእነዚያ ፈረንጆች መካከል አማርኛ የሚያውቅ ስንት ነበር? ማይክ ፊት ቀርቦ «በፈረንሳይኛ አድርገው!» ያለው አለ? ቢል ኖሮ እኛ ምን እንል ነበር? ትዕቢተኛ፣ ንቀተኛ፣ ቅኝ ገዥ እንለው ነበር። ልክም ነበርን።

እንግዲህ ቡሬ ላይ የተባለው ይኸው ነው። ብራስልስ ውስጥ ያልተባለውን ቡሬ ላይ አልነው፤ ከራሳችን ሰርግ ቤት፣ የግማሽ ሰዓት የመኪና መንገድ ርቆ ለተወለደ ልጅ።

«ቋንቋውን ስለማናውቀው ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ከአምስት ደቂቃ በፊት በማናውቀው ቋንቋ ጉልበታችን እስኪዝል ጨፍረናል። ስለ ጉራጊኛ ራሱ እውነቱን ከተናገርን፣ ማህሙድ በጉራጊኛም ዘፍኗል፤ እኛም ጨፍረንበታል፤ ግን እንደ ቋንቋ ሰምተነው አናውቅም። ለእኛ ጉራጊኛ የምት ስም ነው፤ እንደ «ችክችካ»። ሰባት ቤት ይሁን ክስታኔ፣ ዘፈኑ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ መስቀል ግድ የለንም። በቀልዳችን ደግሞ ጉራጌ ብር የሚቆጥር ባለሱቅ፣ አማርኛው የሚያደናቅፈው ሰው ነው። እግራችንን ሰጠነው፤ ጆሯችንን አልሰጠነውም። አገውኛ ያንን ያህል እንኳ አላገኘም፤ የጭፈራ ኮታ ገና አልተመደበለትም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰዎች ኢንቦክስ እንደሚልኩልኝ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ማህሙድ እኮ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ቋንቋና ዘር አታምጣበት፤ ሙዚቃ ቋንቋ የለውም» ይላል። ወዳጄ፣ ሙዚቃ ቋንቋ ከሌለው የልጁን ዘፈን ለምን አስቆምከው? «ሙዚቃ ቋንቋ የለውም» የሚለው ሁልጊዜ ዘፈኑ በራሱ ቋንቋ የሚዘፈንለት ሰው ነው። የጠገበ ሰው ረሃብ የለም እንደሚለው።

ሁለተኛው ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ «የራሱን ቋንቋ ትቶ የሌላ ሕዝብ ባንዲራ ተሸከመ» የሚለው። ይሄኛው ይበልጥ ያናድደኛል። ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሊስትሮ ሆኖ ላደገ ልጅ የሥራ ቋንቋ የሚመርጥ ማን ነው? ጥላሁን ገሠሠንም እንዲሁ ነው የሚሻሙት። ወሊሶ አያቱ ጋ ያደገ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የተማረ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የዘፈነ ሰው ነው። አንዱ ወገን ኦሮምኛውን ይሰርዝበታል፣ ሌላው አማርኛውን። ድሬዳዋ ላይ የአፍራን ቀሎ ልጆች በኦሮምኛ በመዝፈናቸው ታስረዋል፣ ተሰድደዋል፤ ከመካከላቸው አሊ ቢራ ያንን ዋጋ ከፍሎ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ በአፉ ቋንቋ ቀጠለ። ክብር ይገባዋል። ያን ዋጋ ያልከፈለውን ሁሉ ከሃዲ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ዋጋውን ማን እንደጠየቀ መጠየቁ ይሻላል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሩቅ ምሳሌ ላምጣ። ታይዋን ውስጥ ሀካ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ቋንቋው ከመንግሥቱ ማንዳሪን የተለየ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ትምህርት ቤት ውስጥ የቤቱን ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ከዚህ ሕዝብ ሉዎ ዳዮ የሚባል፣ ሕክምና ተምሮ ወደ ዘፈን የገባ ሰው ወጣና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የማንዳሪንን ዘፈን መልክ ቀየረው። ከቤጂንግ እስከ ሲንጋፖር ቻይንኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ የሀካ ልጆች በኮከባቸው ኮርተው ዝም አሉ? አላሉም። ታኅሣሥ 28 ቀን 1988 ታይፔ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ይመለስልን ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በ2003 በቋንቋቸው የሚያሰራጭ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተላቸው። ትልቅ ዘፋኝ አንድን ሕዝብ ያስከብራል፤ ቋንቋውን ግን አያድንም። ጣቢያና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ «ቀጥል» የሚል ታዳሚ ያስፈልገዋል።

በእኛ አገር በወረቀት ላይ ብዙው አለ። አዊ ውስጥ ሕፃናት በአገውኛ ይማራሉ፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም በአገውኛ ያሰራጫል። ይህን መካድ ሐሰት ነው። የጎደለው ከመንግሥት ቢሮ ውጭ ያለው ነው፤ ዳሱ፣ ስቱዲዮው፣ ሚኒባሱ፣ ጠጅ ቤቱ። ያን ደግሞ ሚኒስቴር አያመጣውም፤ የእኔና የእናንተ ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ካሜራው ሁሉ ይሄዳል፤ ፈረሱ ያማረ፣ ጋላቢው ያማረ። እንኮራለን፣ ፎቶውን እናጋራለን፣ «ባህላችን» እንላለን። ፈረስ አይናገርማ። የአዊን ድንች ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ በአማርኛ አድርገው ብለን አናውቅም፤ ከሰሉንም እንዲሁ። የምናስቆመው አፉን ብቻ ነው።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ከባድ መሆን አልነበረበትም፤ ምክንያቱም ደርሶብናል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ፣ ከቡሬ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሄደ ዘፋኝ ሁለት ምርጫ ነው የሚሰጠው። ወይ አነጋገሩን ሞርዶ የሸገር ልጅ ይመስላል፤ ወይም ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ቃሉን እያጋነነ የበዓል ፕሮግራም ማድመቂያ ይሆናል። በድራማው ውስጥ የጎጃም አነጋገር ያለው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ዘበኛው፣ ሞኙ፣ ባላገሩ። ይህን ባየን ቁጥር ደማችን ይፈላል፤ ስንት ፖስት ጽፈናል። አዲስ አበባ ላይ የሚያቃጥለን ነገር ቡሬ ላይ ሲደረግ ለምን ሳቅን?

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። «አድርገው» ያልንበት አማርኛ ራሱ የአገው እጅ አለበት። ግዕዝ ግሡን ከፊት ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን ግሡን እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያቆየዋል። የቋንቋ ምሁራን ይህን ልማድ በአብዛኛው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው የመጣ ነው ይላሉ። ሰውየው «በአማርኛ አድርገው» ሲል ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀመጠ፤ አገውን ዝም ያሰኘው በአገው ሰዋስው ነው። (ይህን ሰርጉ ላይ ብናገር ኖሮ ዳቦ ቆራጩ ያባርረኝ ነበር።)

አሁን ስለ ራሴ። ሌላውን ስወቅስ የቆየሁት እኔ ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ስለ ሰርግ ሙዚቀኞች ዘገባ ሠርቼ ነበር። ከሰባት ሙዚቀኞች አንዷ አገው ነበረች፤ ስትናገር በአማርኛ፣ ስትዘፍን በቋንቋዋ። አዘጋጁ «አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል፤ ዘፈኑን አውጣው» አለኝ። በቁራጭ የምከፈል ሰው ነኝ፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ። አወጣሁት። ንግግሯን አስቀርቼ ድምፃዊቷን ያለ ድምጿ አቀረብኳት። ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ደውላ አመሰገነችኝ። ስለ ዘፈኑ ምንም አላነሣችም፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም አልጠበቀችው ይሆናል። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ኮሚቴ ይቋቋም አልልም። ሰርግ የምትደግስ ሰው ሆይ፣ ዘፋኝህን ስትዋዋል ሁለት ዘፈን በቋንቋው እንዲዘፍን ንገረው፤ ሰው ማይክ ሊቀማው ሲነሣ ደግሞ አንተ ባለሰርጉ ተነሥተህ ብር ለጥፍለት። ስቱዲዮ ያላችሁ ልጆች፣ አገው ዘፋኝ ሲመጣ «ለዩቲዩብ አማርኛ ይሻላል» ማለቱን ተዉት፤ እናንተ የማታውቁት አድማጭ አለ። ሚኒባስ የምትነዱ፣ ከቡሬ ኮሶበር ስትወጡ ከቲሊሊ በኋላ ያለው መንገድ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቢያንስ እዚያ እንኳ አጫውቱት። «ገበያው አይፈልገውም» የምትሉ ደግሞ የብራስልሱን ሸክላ አስታውሱ። ያን ሸክላ ከመውጣቱ በፊት የጠየቀ ገበያ አልነበረም።

ልጁን ከሰርጉ በኋላ ሲጠቀልል አገኘሁት። ለምን እንዳቆመ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰርግ ነው እኮ፤ ሰው ሊደሰት ነው የመጣው» አለኝ፤ ምንም ቅሬታ አልነበረውም፣ ወይም እንዳለው አላሳየኝም። ዘፈኑ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አያቱ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነው። እርሱ ኪቦርድ ጨመረበት፤ ምቱን ትንሽ አፋጠነው፤ ሰርግ ላይ ሊሞክረው ከሞላ ጎደል ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ቆይቷል።

ባለፈው ሳምንት በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሥር አያይዤዋለሁ። 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ መሐል ላይ ዶሮ ይጮኻል። እንዳያይዘው ፈቃዱን ስጠይቅ ትርጉሙንም አብሮ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። «መጀመሪያ ይስሙት ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ።